ዲትሮይት፦ የመንገድ ጨውና የመኪና እጥበት ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ፣ ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት ድረስ በበረዶ ተከቦ ከከረመ በኋላ፣ ፀሐይ መሞቅ የጀመረችባት የመጀመሪያዪቱ ቅዳሜ በደረሰች ጊዜ፣ መኪናውን እየነዳ ወደ ላቫጆ ደጃፍ ይወርዳል፤ ሰልፉም ከግቢው አልፎ እስከ ዋናው ጎዳና ድረስ ይዘረጋል። ከተሰለፉት መኪናዎች ቀዩን ከሰማያዊው፣ ጥቁሩን ከነጩ ከሩቅ ለይቶ ማወቅ ያዳግታል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ግራጫ ልባስ ተሸፍነዋልና። ጣቱን በፓራፋንጎው ላይ አሳልፎ ምላሱን የነካ ሰው፣ ልባሱ ጨው መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ይህ ጨው ከየት እንደ መጣ፣ በመንገድ ላይ መበተኑን ማን እንደ ጀመረው፣ እጥበቱም እንዴት ራሱን የቻለ ንግድ ሊሆን እንደ በቃ ለመመርመር የሚወድ ሰው ብዙ አገር መዞር አያስፈልገውም፤ የነገሩ ክር ከየትም ቢመዘዝ የሚያደርሰው ወደ ዲትሮይት ከተማ ነው። አውቶሞቢልን ለተራው ሰው ያበዛችው እርስዋ ናት፤ አውቶሞቢልን የሚበላው ጨው ከእግርዋ በታች ተቀብሮ ተገኝቷል፤ አውቶሞቢል በተራ እየተገፋ የሚታጠብበትም ቤት ከቀደምቶቹ አንዱ በእርስዋ ዘንድ ተከፍቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ፣ የበዓላቱ ካልሆኑ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥነ ምድርን የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ዛሬ ሚሺጋን የተባለው ግዛት ያለበት ምድር ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጥልቀት የሌለው የሞቀ ባሕር ነበረ። ከውቅያኖስ ጋር የሚያገናኘው በር ጠባብ ስለ ነበረ፣ የገባው ውሃ በፀሐይ ሐሩር እየተነነ ጨዉ ሲዘቅጥ፣ በላዩም አዲስ ውሃ እየገባ ደግሞ ሲተን፣ የሰው ልቡና ሊያስበው በማይችል የዘመን ርዝመት ጨው በጨው ላይ ተደረበ፤ ኋላም ደለልና ድንጋይ ተጭኖት ተቀበረ። በዲትሮይት ሥር ያለው ይህ ሀብት የታወቀው በ1895 ነው። በ1906 ወደ እርሱ የሚያወርድ ጉድጓድ መቆፈር ተጀመረ፤ ከዐለቱ ስንጥቅ የሚፈልቀው ውሃና የሚያፍነው ጋዝ ሠራተኞቹን ሲፈትናቸው ቆይቶ፣ በ1910 ጉድጓዱ ከ1,000 ጫማ በላይ ጠልቆ ከጨው ዐለቱ ደረሰ። ሥራውን የጀመረው ኩባንያ ግን በዚያው ድካም ከስሮ ነበርና፣ ትርፉን የለቀሙት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

ያ ጉድጓድ ጠባብ ስለ ነበረ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው መኪናና መሣሪያ ሁሉ በላይ ተፈታትቶ፣ ቁራጭ በቁራጭ ወርዶ፣ ታች እንደ ገና ይገጣጠም ነበር፤ እንዲህ ሆኖ የወረደ መኪናም አርጅቶ የሚጣለው በዚያው በጨዉ ውስጥ ነው። የጣራውን ክብደት የሚሸከሙ ወፋፍራም የጨው ዓምዶች ሳይነኩ እየተተዉ፣ በመካከላቸው ያለው ብቻ በፈንጂ እየተናደ ስለሚወጣ፣ ከመቶ ዓመት ሥራ በኋላ ከከተማዪቱ በታች ወደ 100 ማይል የሚደርስ መንገድ ያለበት፣ ስፋቱም ከ1,500 ኤከር የማያንስ ሌላ ከተማ ተፈጥሯል፤ ይህም ፎርድ ታላቁን የሩዥ ፋብሪካውን ካቆመባት ከዲርቦርን ሥር ድረስ ይዘልቃል። ከላይ ብረት እየቀለጠ መኪና ይሠራል፤ ከታች የመኪናው ጠላት በመዶሻና በፈንጂ ይፈለጣል። የጉድጓዱ የመጀመሪያ ደንበኞች የቆዳ ፋብሪካዎችና ምግብ አዘጋጆች ነበሩ፤ ስለ መንገድ ያሰበ ሰው በዚያን ዘመን አልነበረም። በ1983 ተዘግቶ፣ በሌላ ባለቤት እጅ እንደ ገና ከተከፈተ ወዲህ ግን ሥራው የመንገድ ጨው ማውጣት ሆኗል።

ወደዚያ አገር የሄደ ኢትዮጵያዊ በዚህ ነገር መገረሙ አይቀርም። ከአፋር ረባዳ ምድር እየተቆረጠ፣ በአርሆ ነጋዴዎች ግመልና በቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ፣ እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት መግቢያ ድረስ በገበያችን እንደ ገንዘብ ሲቆጠር የኖረ ነውና፣ ጨው በቶን ተጭኖ ከካሚዮን ጀርባ እየተበተነ ጎማ ሲረግጠው ማየት፣ አባቶቹ አሞሌን በልጥ ጠፍረው ከርጥበት ሲጠብቁ ለነበሩ ሰው ቀላል ትዕይንት አይደለም።

በረዶን ከመንገድ ማጥፋት ራሱ አሜሪካኖቹ ከጥንት ይዘውት የኖሩት ልማድ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የኒው ኢንግላንድ ገበሬ በረዶ ሲወርድ ደስ ይለው ነበር፤ ጭቃና ጉድጓድ የሞላበት መንገድ ሁሉ ተደልድሎ፣ ጎማ የሌለው ተንሸራታች ጋሪ በፈረስ እየተሳበ እንደ ልብ የሚሮጥበት ወራት ነበርና። ስለዚህም መንደሮቹ በረዶውን በመጥረግ ፈንታ፣ ፈረሶች በሚጎትቱት ትልቅ የእንጨት ድብልብል እየደመደሙ ያጠብቁት ነበር። ጣራ ባላቸው ድልድዮች ውስጥ በረዶ ስለማይገባ፣ ተንሸራታቹ ጋሪ በደረቅ እንጨት ላይ እንዳይያዝ፣ በረዶ በአካፋ ከውጭ እየዛቀ ድልድዩን የሚያለብስ ሰው ይቀጠር ነበር። በ1850ዎቹ አንዳንድ ከተሞች ጨው ሞክረው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለጋሪ የተመቸውን መንገድ አበላሸብን፣ ጫማችንንና ልብሳችንን አቃጠለብን ብሎ ጮኸባቸው። የዚያ ዘመን ሰው በጨው ላይ ያቀረበው ክስ፣ ከጫማው ወደ መኪናው ከመዛወሩ በቀር፣ ዛሬ ከሚሰማው ብዙም የራቀ አይደለም።

አውቶሞቢል በመጣ ጊዜም ልማዱ ወዲያው አልተለወጠም። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አብዛኞቹ ጣራቸው ሸራ፣ ጎናቸውም ክፍት ነበረ፤ በ1919 እንኳ በአሜሪካ ከተሠሩት መኪናዎች ከአሥሩ አንዱ ብቻ ዙሪያውን የተዘጋ ነበረ። ብዙ ባለ መኪና በረዶ ሲጀምር የራዲያተሩን ውሃ አፍስሶ፣ መኪናውን በእንጨት ጉማጅ ላይ አስቀምጦ፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ በጎተራ ይዘጋበት ነበር። የተዘጋው መኪና በ1920ዎቹ መጨረሻ ክፍቱን ፈጽሞ አሸንፎ ወጣ፤ ሰውም ዓመቱን ሙሉ መንዳት ለመደ፤ ከለመደም በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳበትን መንገድ ከመንግሥት ጠየቀ። መንገድ ጠባቂዎቹ በመጀመሪያ አሸዋና የከሰል አመድ ይበትኑ ነበር፤ ጨው የሚጨመርበት አሸዋው ራሱ እንዳይረጋ ለመከላከል ያህል ብቻ ነበር።

ጨውን ብቻውን የመንገድ መድኃኒት አድርጎ በ1938 የሞከረው የኒው ሃምፕሸር ግዛት ነው። በ1941 መውጫና በ1942 መግቢያ መካከል ባለው የብርድ ወራት በመላው የተባበሩት ግዛቶች አውራ ጎዳናዎች ላይ የተበተነው ጨው 5,000 ቶን ያህል ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በረዶ ከወረደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት የሚል ሐሳብ በየግዛቱ መንገድ መሥሪያ ቤት ገባ፤ በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ 41,000 ማይል ያህል ታላቅ ጎዳና እንዲሠራ ባዘዘ ጊዜም ሐሳቡ ሥር ሰደደ። በ1955 አንድ ሚሊዮን ቶን የነበረው የመንገድ ጨው አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ወደ አሥር ሚሊዮን ተጠጋ፤ በዘመናችን በአንዳንድ ዓመት ሃያ ሚሊዮን ይደርሳል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህን ያመጣው የበረዶው ብዛት አይደለም፤ በረዶው ድሮም ይወርድ ነበር። ያመጣው፣ በሐምሌ የሚነዳበትን ፍጥነት በጥር ሊቀንስ ያልወደደው ነጂ ነው። ሆኖም ፍርድን ላለማጓደል፣ በጨው የጸዳ መንገድ ብዙ ሕይወት ከአደጋ ማትረፉንና አምቡላንስም በሌሊት ከሐኪም ቤት የሚደርሰው በእርሱ መሆኑን መናገር ይገባል።

ጨው ሥራውን የሚሠራው በሙቀቱ አይደለም፤ ሙቀት የለውምና። ከበረዶው ላይ ካለችው ጥቂት እርጥበት ጋር ሲዋሐድ የሚወለደው ጨዋማ ውሃ፣ ንጹሕ ውሃ ከሚረጋበት ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶም ሳይረጋ ይቆያል፤ በሚዛኑ የተበጠበጠ እንደ ሆነ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይዘልቃል። በመንገድ ላይ ግን ብርዱ ከዜሮ በታች ከ9 ዲግሪ አልፎ ሲወርድ ጉልበቱ ስለሚደክም፣ በዚያን ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድ ይጨመርበታል። በቅርብ ዘመን ደግሞ ውርጅብኙ ሳይጀምር ባለ ታንከር መኪና የጨው ብጥብጥ አስቀድሞ ይረጫል፤ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር በአስፋልቱ ላይ ተከታትለው የተሰመሩ ነጫጭ መስመሮችን ያየ ነጂ፣ በማግሥቱ በረዶ እንደሚመጣ ያውቃል።

የሚያሳዝነው፣ በረዶውን ውሃ አድርጎ የሚያቆየው ያው ባሕርይ ብረቱንም ማሳመሙ ነው። ብረት እንዲዝግ ውሃና አየር ይበቁታል፤ ጨው የገባበት ውሃ ግን ኤሌክትሪክን አጥርቶ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱን ያፋጥነዋል፤ ክሎራይዱም ብረቱ በራሱ ላይ የሚያበጀውን ስስ መከላከያ ሰርስሮ ይገባል። ጉዳቱ የሚጸናው ባለቤቱ በማያየው ስፍራ ነው፦ በፓራፋንጎው የውስጥ ከንፈር፣ ጭቃና ጨው ተጋግረው እርጥበታቸውን እንደ ያዙ በሚቀመጡበት ጠርዝ፤ በበሩ የታችኛው ስፌት፤ በማርሚታው መጋጠሚያ፤ ከሁሉም ይልቅ በሚያስፈራው በፍሬን ቱቦው ላይ። ብርዱ የበረታ ጊዜ ዝገቱ ያንቀላፋል፤ በረዶው ሲቀልጥ፣ ወይም መኪናው ከነጨዉ ሞቅ ወዳለ ጋራዥ ሲገባ፣ ይነቃል። መኪናውን ከብርድ አዳንሁት ብሎ በሙቀት ያሳደረው ሰው ሳያውቀው ለዝገቱ እንደ ማሞቂያ ሆኖለታል።

ነገሩን ያባሰው የመኪናው አሠራር መለወጥ ነበር። የጥንቱ መኪና በወፍራም ቻንሲ ላይ የተጫነ ሣጥን ስለ ነበረ፣ ሣጥኑ ቢበሳ አጥንቱ ይቆም ነበር፤ ክራይስለር በ1960 አብዛኞቹን መኪናዎቹን አካልና ቻንሲ አንድ ሆነው እንዲሠሩ ባደረገ ጊዜ ግን፣ በዚህ መንገድ የተሠራ መኪና የታችኛው ቆርቆሮ ሲበላ አጥንቱ ተበላ ማለት ሆነ። ከዝገት ጋር የተደረገውን ትግል ሁሉ ለመዘርዘር ጊዜ አልፈጅም፤ ዋና ዋናውን ብቻ ላንሣ። በ1959 ኩርት ዚባርት የተባለ በጀርመን አገር የተወለደ የዲትሮይት መካኒክ፣ በየስፌቱ ውስጥ ሰም መሳይ ቅባት የሚረጭበትን ብልሃት አወጣ፤ ስሙም እስከ ዛሬ የሱቅ ስም ሆኖ ቀርቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ብሩወር የተባለው የፎርድ ኬሚስት፣ መላውን የመኪና አካል በቀለም ገንዳ ውስጥ እየነከሩ በኤሌክትሪክ ኃይል ቀለሙን እስከ ጥጋጥጉ የማስገባትን ዘዴ አደረሰ። ያም ሆኖ በ1970ዎቹ መኪና ገና ዕዳው ሳይከፈል ይበሳ ስለ ነበረ፣ በካናዳ መኪናቸው የዛገባቸው የፎርድ ደንበኞች ማኅበር አቁመው እስከ መክሰስ ደረሱ፤ በ1980ዎቹ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከተስፋፋ ወዲህ ነገሩ ረገበ። በዚያ ሁሉ ዘመን እንጀራው ያልጎደለበት ባቲላሜራው ብቻ ነው።

የመከላከያው ዓይነት ቢበዛም፣ ባለ መኪናው በገዛ እጁ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር ማጠብ ነበር። በ1914 በዲትሮይት የተከፈተውና «የአውቶሞቢል ልብስ ንጽሕና ቤት» ብንለው የማይከፋው ሱቅ፣ መኪናዎቹን በሰው ጉልበት እየገፋ፣ አንዱ ሳሙና ሲቀባ፣ ሁለተኛው ሲያለቀልቅ፣ ሦስተኛው ሲያደርቅ፣ በተራ ያሳልፋቸው ነበር። ሄንሪ ፎርድ በሃይላንድ ፓርክ መኪናው በሠራተኞች ፊት እያለፈ የሚገጣጠምበትን መስመር የዘረጋው ገና አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1913 መሆኑን ያሰበ ሰው፣ የታጣቢው መስመር ከገጣጣሚው መስመር መወለዱን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በ1940ዎቹ መኪናውን በሰንሰለት የሚጎትት መስመር መጣ፤ ከጦርነቱ በኋላ የሚሽከረከር ብሩሽና ነፋስ የሚነፋ ማድረቂያ ተጨመረ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሲያትል የሰው እጅ ሳይነካው ማጠብ ተቻለ።

ዛሬ በዲትሮይትም ሆነ በክሊቭላንድ ወይም በባፋሎ፣ ነጂው ከዋሻው አፍ ሲደርስ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ እግሩን ከፍሬኑ አንሥቶ፣ መሪውን ይለቃል። መስታወቱ በአረፋ ሲሸፈን ዓለም ከዓይኑ ይሰወራል፤ ግራና ቀኙን ጨርቁ ሲደበድበው፣ ከወለሉ የሚተኮሰው ውሃ የመኪናውን ሆድ እንደ ጠጠር እያንኳኳ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያልፋል። የብርድ ወራት እጥበት ዋናው ምሥጢር ይኸው የሆድ እጥበት ነው፤ ኮፈኑን አብርቆ ሆዱን የተወ ሰው ሰውን አስደሰተ እንጂ መኪናውን አላዳነም። ይሁን እንጂ ብዙ ላቫጆ ውሃውን እያጠራ መልሶ ስለሚጠቀምበት፣ ጭቃው ቢጠለልም በውሃው የሟሟው ጨው ስለማይወጣለት፣ በሰልፍ ብዛት መጨረሻ ላይ የደረሰው መኪና በቀደሙት ሰዎች ጨው ሊታጠብ ይችላል። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች የመጨረሻው ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ መሆኑን ሳይጠይቁ ገንዘብ አይከፍሉም። በቤቱ የሚያጥብ ደግሞ የሣር ማጠጫውን ቱቦ ከመኪናው ሥር አስገብቶ ይከፍተዋል፤ በምንጣፉ ላይ የቀረውን ነጭ የጨው ድርቀትም በኮምጣጤና በሞቀ ውሃ ያስለቅቀዋል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ትምህርት የተማሩት በገንዘባቸው ነው። ዋሽንግተን እንደ ሰሜኖቹ ከተሞች በረዶ የሚበዛባት አይደለችም፤ ነገር ግን የ2009ና የ2010 የብርድ ወራት በከተማዪቱ አውሮፕላን ማረፊያ 56 ኢንች በረዶ ጥሎ የቀደመውን ሁሉ በበለጠ ጊዜ፣ የተበተነው ጨውም እንደዚያው በረታ። ለታክሲ ነጂ መኪናው ሱቁ ነው፤ ፍሬኑ ሲበላ የቀኑ ገቢ ይበላል። ጨዉ የሚያበቃው ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሆነ፣ በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ ቤቱም ልብሱም መኪናውም በአንድነት ይታጠባል፤ በሰሙነ ሕማማት ላቫጆ ተሰልፎ «ወንድሜ፣ ከሥሩም ይታጠብልኝ እስቲ» እያለ በአማርኛ የሚለምን ቢሰማ፣ አጣቢውም በአማርኛ «ችግር የለም ጋሼ» ብሎ ቢመልስ፣ በዚያች ከተማ ብርቅ አይሆንም።

ታጥቦ የወረደው ጨው ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ግን ከላቫጆው ፍሳሽ አይቆምም። በደጅ የታጠበ እንደ ሆነ በዝናብ መውረጃው በኩል ሳይጣራ ወንዝ ይገባል፤ በላቫጆ የታጠበ እንደ ሆነ ዘይቱና ጭቃው በማጣሪያ ጣቢያ ይቀራል፤ ክሎራይዱ ግን ከዚያም ያመልጣል። የሚኒሶታ ግዛት የብክለት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አምስት ጋሎን ውሃ ለዘለቄታው እንደሚበክል ለሕዝቡ ሲያስተምር የቆየው ስለዚህ ነው።

ክሎራይድ የበዛበት ውሃ ከምን እንደሚያደርስ ያሳየችው፣ በ1908 ጄኔራል ሞተርስ የተመሠረተባት የፍሊንት ከተማ ከዲትሮይት በስተሰሜን ምዕራብ ትገኛለች። በኤፕሪል 2014 ከተማዪቱ፣ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ፣ ከሂውረን ሐይቅ ይመጣላት የነበረውን ውሃ ትታ የፍሊንትን ወንዝ መጠጣት ጀመረች። በቧንቧ የሚመጣው የወንዙ ውሃ ክሎራይድ ከሐይቁ ስምንት እጥፍ ያህል ነበር፤ ከምንጮቹ አንዱ ከመንገድ ታጥቦ የሚወርደው ጨው ሲሆን፣ በማጣሪያው የሚጨመረው መድኃኒትም ያባብሰው ነበር፤ ቧንቧን ከመበላት የሚጠብቀው ኬሚካል ደግሞ ሳይጨመርበት ቀረ። በኦክቶበር 2014 በከተማዪቱ ያለው የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ ውሃው የሞተር ክፍሎችን እያዛገ መሆኑን አይቶ፣ ለማሽኖቹ የሚሆነውን ውሃ ከጎረቤት ወረዳ የሐይቅ ውሃ እንዲመጣለት አስፈቀደ። ያው ውሃ በየቤቱ ያለውን አሮጌ ቧንቧ እየበላ እርሳስ ወደ መጠጡ ሲቀላቅል፣ ነዋሪዎቹ ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል፣ እስከ ኦክቶበር 2015 ድረስ፣ ከዚያው ወንዝ እየተቀዳ ተሰጣቸው።